ለስስ ዳንቴል ክር ስመርጥ የተማርኩት

ዳንቴል ሲጀመር ሁሉም የሚጨነቀው ስለ ንድፉ ነው። እኔ ግን ያው ንድፍ በአንዱ ክር አምሮ በሌላው ለምን እንደሚበላሽ ስከታተል መልሱን ያገኘሁት ክሩ አከራረር ላይ ነው። ከቅጥነቱም ከቀለሙም በፊት የማየው እሱን ነው።

የዳንቴል ክር ቁጥሩ ሲጨምር ይቀጥናል። ለቁጥር 10 የ1.5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ (የዳንቴል መንጠቆ)፣ ለ20 1.25፣ ለ40 1.0፣ ለ60 እና ለ80 0.75 እይዛለሁ። ክሩን ጠበቅ አድርጎ የሚሠራ ሰው አንድ ደረጃ ወፈር ያለ ይያዝ። ከ10 በቀጥታ ወደ 80 መዝለል ዓይንም እጅም ይጎዳል፤ እጅ እስኪገራ 20 ላይ መቆየት ይሻላል። ኪሮሹን ከመግዛቴ በፊት ጫፉን ስስ ስቶኪንግ ላይ አሳልፋለሁ። ከያዘ ክሩንም ይሰነጥቃል ማለት ነው። ቤት ያለውን ሻካራ ጫፍ በጣም ደቃቅ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይቻላል።

አዲስ ክር ሁሉ የሚፈተንበት አንድ ትንሽ ክብ አለኝ። 8 ሰንሰለት በቀለበት ይገጠማል። ቀለበቱ ውስጥ 16 ረጅም ዘንግ ይገባል፤ ረጅም ዘንግ የምለው ክሩን ኪሮሹ ላይ አንዴ ጠምጥሞ የሚሠራውን ነው። በሁለተኛው ዙር በዘንግና በዘንግ መካከል 1 ሰንሰለት፣ በሦስተኛው 2 ሰንሰለት፣ በመጨረሻው በየክፍተቱ አንድ አጭር ዓይን (ክሩን ኪሮሹ ላይ ሳይጠመጥሙ የሚሠራው) እና 5 ሰንሰለት። በቁጥር 20 ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይወጣዋል። ለክቼ፣ በሙቅ ውኃ አጥቤ፣ አድርቄ እንደገና እለካለሁ። ሳይታጠብ የተለካ ናሙና ስለ ክሩ ምንም አይናገርም።

አከራረሩን ለማየት ጫፉን በጣት እፈታና ስንት ቀጭን ክር እንደተገመደበት እቆጥራለሁ። ስድስት ሆኖ ጠበቅ ብሎ የተገመደ ክር ዓይኑን ጥርት አድርጎ ያሳያል፣ ኪሮሹም መሃሉ አይገባበትም። ላላ ብሎ የተከረረ ክር ግን ይሰነጠቃል፤ ግማሹ ከኪሮሹ ያመልጥና ፀጉር መሳይ ነገር ጎን ላይ ይንጠለጠላል። አንዳንዱ ክር ደግሞ በሥራ ላይ እያለ ከእጅ እንቅስቃሴ የተነሳ ይፈታል። ያኔ የክሩን ኳስ አንጠልጥዬ ወደ ከረረበት አቅጣጫ ትንሽ አዞረዋለሁ።

የሚያብረቀርቀው ጥጥ መርሰራይዝድ የሚባለው ነው። እንግሊዛዊው ጆን መርሰር እ.ኤ.አ. በ1844 ጥጥን በኮስቲክ ሶዳ ሲነክር ክሩ እንደሚያብጥና እንደሚጠነክር አየ፤ ከአርባ ዓመታት በላይ ቆይቶ ሆራስ ሎው ክሩን ወጥሮ ሲነክረው ብርሃኑ መጣ። ለዳንቴል ትልቁ ጥቅሙ ግን ብርሃኑ ሳይሆን ፀጉር መሳይ ነገሩ መቀነሱና ቅርጽ መያዙ ነው።

በእንዝርት የተፈተለ የጥጥ ፈትል የምወደው ነገር ነው፤ እንዳለ ግን ለዳንቴል አይሆንም። የተሠራው ለማግ ስለሆነ ያልተገመደና ለስላሳ ነው፤ ሲስቡት ይበጠሳል፣ ክቡም ወደ አንድ ጎን ይንጋደዳል። ሁለት ፈትል አንድ ላይ አድርጌ፣ እንዝርቱን ሲፈተል ከዞረበት በተቃራኒ አዙሬ እገምደዋለሁ። መገመዱ የበቃ መሆኑን ለማወቅ አንድ ክንድ ያህል መዝዤ ሁለቱን ጫፍ ይዤ መሃሉን እለቀዋለሁ። ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ ተመጣጥኗል፤ በራሱ ላይ ከተጠማዘዘ አንዱ አቅጣጫ በዝቶበታል። ከዚያ በሙቅ ውኃ ነክሬ ጫፉ ላይ ቀለል ያለ ነገር አንጠልጥዬ አደርቀዋለሁ። እንዲህ የተዘጋጀ ፈትል ለነጠላ ጠርዝ ከፋብሪካው ክር ይበልጥ ይስማማል፤ ንጣቱም ከሸማው ንጣት ጋር አይጣላም።

የጉሎ ቅጠል የሚበላው ትል የሚሰጠው ሐር ሌላ ጠባይ አለው። ኩኩኑ (ትሉ ራሱን የሚሸፍንበት ቤት) ጫፉ ክፍት ስለሆነ እንደ ጥጥ ይፈተላል እንጂ በአንድ ረጅም ክር አይመዘዝም። ስለዚህ ደብዘዝ ያለና የሚሞቅ ነው። ቀጫጭን አበባና ሹል ጫፍ አይወጣበትም፤ ሰፋ ባለ ኪሮሽ መረብ መሳይ ሻርፕ ግን ያምርበታል።

የፖሊስተር ስፌት ክር ርካሽና ብርቱ ነው፤ ውኃ ስለማይጠጣ ግን ስታርች አይዘልቀውም፣ ካውያም ያቀልጠዋል። ወርቀ ዘቦን የማስገባው በመጨረሻው ዙር ብቻ ነው፤ ውስጠኛው ክር ላይ የተጠቀለለው ቀጭን ልባስ አንዴ ተፈትቶ ሲደገም ይላጣል።

ነጠላ ላይ ጠርዝ ሲሠራ ከሁሉ የሚከፋው መኮማተር ነው። ሸማው ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ መርሰራይዝዱ ክር ብዙም አይነቃነቅም፤ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ዳንቴሉ እየተወዛወዘ ይቀራል። ነጠላውን ቀድሜ በሙቅ ውኃ አጥቤ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ምልክት አድርጌ፣ መሰብሰብ ማቆሙን ካየሁ በኋላ ነው የምጀምረው። በቁጥር 20 ክር በሳንቲ ሜትር 3 አጭር ዓይን፣ ማዕዘን ላይ በአንዱ ቀዳዳ 3። ክር ሲያልቅ አልቋጥርም፤ ቋጠሮ ከታጠበ በኋላ ወደ ፊት ይወጣል። ጫፉን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል በመርፌ አስገብቼ መልሼ በተቃራኒው አሳልፋለሁ።

ለመወጠር ፎም ላይ ክብና 16 ጨረር የተሳለበት ወረቀት፣ በላዩ ላይ ላስቲክ አነጥፋለሁ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በግማሽ ኩባያ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጬ፣ በሚፈላ 2 ኩባያ ውኃ ላይ እያማሰልኩ እጨምራለሁ። ለብ ሲል ዳንቴሉን ነክሬ ሳልጠመዝዝ በፎጣ እጫነዋለሁ። በማይዝግ ስፒል መጀመሪያ መሃሉን፣ ቀጥሎ ፊት ለፊት ያሉትን ጫፎች ጥንድ ጥንድ አድርጌ እወጥራለሁ። የስኳር ውኃ የበለጠ ያደርቃል፤ ጉንዳን ይጠራል እንጂ። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ዳንቴል ስታርቹ ታጥቦ ይውጣለት፤ ደርቆ ሲታጠፍ በታጠፈበት ክሩ ይሰበራል። ሳይታጠፍ ወረቀት ላይ ተጠቅልሎ ይቀመጥ።