ኢትሰይዳን

ዛሬም ጠዋት ፊቴን እየታጠብኩ ትዝ ሲለኝ ቧንቧውን ዘግቼ ቆምኩ። ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ እኔን ግን ወላሂ አላለፈኝም።

ተርም ፔፐሩ ስለ ውጫሌ ውል ነበር። መምህሩ ርዕስ ሲያከፋፍል «ይሄ የኔ ነው!» ብዬ እጄን ያወጣሁት ራሴ ነኝ። የአምባሰል ልጅ አይደለሁ? ደጃችን የተፈረመ ውል መች ያቅተኛል? ገና ዓመተ ምሕረቱ ላይ ላብ በላብ ሆንኩ። ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ነው፤ ወደ ፈረንጅ ሲሄድ 8 ተደምሮ 1889 ይሆናል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20ዎቹ ድረስ ግን የሚደመረው 7 ነው። ይሄን ያወቅሁት ሁሉንም በ8 ደምሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ከዚያ ደግሞ አንቀጽ 17 አለላችሁ። በአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ ጣሊያንን መጠቀም ይችላሉ፤ በጣሊያንኛው ግን ግዴታቸው ነው። በአንዲት ግስ ጦስ አድዋ ድረስ ተኬደ። ይሄን በ11 ገጽ እንግሊዝኛ አብራርቻለሁ፤ ልፋቴን እወቁልኝ።

ጉዱ የመጣው ከሽፋኑ ነው። ሽፋን ማሳመር ስለማልችል ያምናውን የአሊን ፋይል በፍላሽ ተቀበልኩና ሆዱን ጠርጌ የኔን ለጠፍኩበት። ምስጋናው ላይም «ወንድሜ አሊ ባይኖር» ብዬ ውለታውን ጻፍኩ። ከዚያ ሽፋኑና ዲክላሬሽኑ ላይ የቀረውን የሱን ስም አንድ በአንድ ከምለቅም ብዬ ኮንትሮል ኤች ነካሁ፤ «አሊ»ን በ«ሰይድ» ሪፕሌስ ኦል። 147 ቦታ ተቀየረ አለኝ። «አይ አሊ፣ ራሱን ሲወድ!» ብዬ ሳቅሁ።

ለካ በእንግሊዝኛ «ኢታሊያን» ሲጻፍ አሊ መሃሉ ላይ ተጋድሟል። ኢት፣ አሊ፣ አን። ጣሊያን በሙሉ «ኢትሰይዳን» ሆነ። ሶማሊያ «ሶምሰይዳ»። ኮሎኒያሊዝም እንኳ ሳይቀር «ኮሎኒሰይድዝም»! «ሞር» የሚለውን ተጭኜ «ፋይንድ ሆል ወርድስ ኦንሊ» የምትለዋን ሳጥን ራይት ባደርጋት ኖሮ ከጉድ ታወጣኝ ነበር።

ቀይ መስመር አላየህም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አይቻለሁ! ግን ውጫሌም ቀይ ነው፣ አምባሰልም ቀይ ነው፣ የገዛ ስሜም ቀይ ነው። ያ ኮምፒውተር እኛን ባየ ቁጥር እንደቀላ ነው። ወረቀት ላይ ደግሞ ቀዩ አይወጣም።

ደግሞስ ተረጋግቼ የማየው መቼ ነው? ደሴ ፒያሳ ማተሚያ ቤት ደርሼ መብራት ጠፋ። ሁለት ሰዓት ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። መብራቱ ሲመጣ ባለቤቱ «አስቸኳይ ከሆነ በገጽ 2 ብር ይጨምራል» አይለኝም? ያስቸኮለኝ ማን ሆነና! ፍላሼንም በቫይረስ ሞልቶ መለሰልኝ፤ እስከ ዛሬ ፎልደሮቼ በሙሉ ሾርትከት ናቸው።

በማግስቱ መምህሩ «እስኪ ተነስና መደምደሚያውን አንብብልን» አለኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ዘ ኢትሰይዳን ገቨርንመንት...» ብዬ ቆምኩ። አይኔ ነው ብዬ ወደሚቀጥለው መስመር ዘለልኩ። እዚያም ሰይድ። ወደ ታች ብወርድ፣ ኮሎኒሰይድዝም። መምህሩ ኮፒውን ገለጥ ገለጥ አደረገና በእርጋታ «አቶ ሰይድ፣ በ1877 ምጽዋን የያዝካት አንተ ነሃ?» አለኝ። ከኋላ አንዱ «ኧረ አንተዋ፣ ውጣልን ካገራችን!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ከ30 የሰጠኝ 14 ነው። ቅኝ ገዥ ስሆን ይሄ ያንሰኛል? አሁን ካፌ ስገባ ማኪያቶ የሚያዝ ሁሉ «ካገርህ የመጣ ነው፣ አስፈቅደን እንጠጣ» ይለኛል።

ልቤ ያረፈው አሊ ላይ ነበር። እሱስ «አብሽር» ይለኛል ብዬ ዶርሙ ሄድኩ። ወረቀቱን ተቀብሎ ምስጋናው ላይ ቆመ፤ አነበበው፣ መልሶ አነበበው።

«ወንድሜ ሰይድ ባይኖር ይህ ጽሑፍ እዚህ አይደርስም ነበር» ይላል።

ይኸው ሦስት ሳምንቱ፣ አሊ ሰላምታ የለኝም።