አሲዱ ቶሎ የቀላ ለት

በወርክሾፓችን ሐበሾቹ ዶክተሩና እኔ ብቻ ነን። ዕድሜው የልጄ ነው፣ ወንበሩ የአለቃዬ። ሲያዘኝ «ጋሼ» እያለ፣ አንቱ እያለ ነው። ከእንዲህ ያለ አለቃ ይሰውራችሁ፤ ልትቆጡት እንኳ አትችሉም።

ኦሃዮ ውስጥ የካርባይድ መሰርሰሪያ አልማዝ እናለብሳለን፤ ካርባይድ የተንግስተንና የካርቦን ጠንካራ ውህድ ነው። ደንበኞቻችን የአውሮፕላን ካርቦን ፋይበር የሚበሱ ናቸው፤ ያ ነገር ባዶ ካርባይድን ወዲያው ያዶለዱመዋል። አልማዝ ማልበስ ሲባል ብዙ ሰው እንደ ቀለም የሚቀባ ይመስለዋል። አይቀባም፣ ይበቅላል። ሃይድሮጅን ውስጥ አንድ በመቶ ያህል ሚቴን (አልማዝ የሚሆነው ካርቦን የሚመጣው ከእሱ ነው)፣ ከላይ ከ2000 ዲግሪ በላይ የጋለ ሽቦ፣ ከሥር 800 ዲግሪ ገደማ የደረሰ መሰርሰሪያ። በሰዓት ግማሽ ማይክሮን፣ ማለትም የሚሊሜትር ሺህኛ ግማሽ፣ ካደገ ተመስገን ነው። 10 ማይክሮን ማለት ያው አንድ ሙሉ ቀን ልትል ምንም አይቀርህ።

ጠላታችን ኮባልት ነው። የካርባይዱን ቅንጣቶች አጣብቆ የያዘው እሱ ስለሆነ ያለሱ መሰርሰሪያ የለም። ላይ ላዩን ከቀረ ግን ካርቦኑ አልማዝ መሆኑን ትቶ ጥላሸት ይሆናል። ስለዚህ ሙራካሚ በሚባል፣ ካርባይዱን በሚበላ ፈሳሽ ፊቱን እናሻክራለን፣ ሰልፈሪክ አሲድና ፔሮክሳይድ ውስጥ ኮባልቱን እናስበላለን፣ ከዚያ የአልማዝ ብናኝ ባለበት አልኮል በአልትራሳውንድ እናንቀጠቅጠዋለን። ዘር መዝራት የምንለው ይሄንን ነው።

ኮባልት ሲሟሟ አሲዱን ሮዝ ያደርገዋል። ያን ማታ ገና ቅርጫቱን ነክሬ ጓንቴን ሳላወልቅ ቀላ።

«ዶክተር፣ አሲዱ ቶሎ ቀላብኝ።»

ጃኬቱን እየለበሰ ነበር። «ሬሲፒው ያው ነው፣ ጋሼ።»

«ካርባይዱስ ያው ነው?»

«ደንበኛው ያው ነው። በዚያ ላይ በዓይን ያዩት ቀለም ልኬት አይሆንም።»

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ አሸናፊ ነበርኩ። አፌ መቼ አርፎ!

«እናትህ አዲስ ምጣድ ሳታሟሽ እንጀራ ጋግራ ታውቃለች?» አልኩት።

ቆም ብሎ አሰበበት። ከሁሉ ያበሸቀኝ ማሰቡ ነው። «ጋሼ፣ ምጣድ የሚሟሸው እንጀራው እንዲለቅ እኮ ነው። እኛ የምንፈልገው እንዳይለቅ ነው። ደህና እደሩ።»

ሄደ። እውነቱን ነው፤ እናቴ ጎመን ዘር ፈጭታ የጋለውን ምጣድ የምታሸው እንጀራው እንዳይዝባት ነበር። ቅርጫቱን አወጣሁ፣ አጠብኩ፣ ዘራሁ፣ ጫንኩ፣ ቅጹ ላይ ፈረምኩ። መልሱ የመጣልኝ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ «ቢለቅም ቢይዝም ወሳኙ ፊቱ ነው» ማለት ነበረብኝ። ለማን ልንገረው? ለፓምፑ ነገርኩት።

በማግስቱ ማታ ማሽኑ ቀዝቅዞ ሲከፈት አብረን ቆመናል። ካርባይድ ሲቀዘቅዝ ከአልማዝ ይበልጥ ይሰበሰባል፤ በደንብ ያልያዘ ሽፋን የሚጋለጠው ያኔ ነው። የእኛ እንደ ደረቀ ኩሬ ጭቃ ተሰነጣጥቆ፣ ግማሹ ትሪው ላይ ረግፏል። አንዱን ቅርፊት አንስቼ ገለበጥኩት። ጀርባው ጥቁር ነው፤ ጣቴን አጠቆረው። ጣቴን ከሚያስፈልገው በላይ ትንሽ ከፍ አድርጌ እንደያዝኩ አልክድም።

ነገሩ ሲጣራ ደንበኛው የካርባይዱን ዓይነት ቀይሮ ኖሯል። 6 በመቶ ኮባልት የነበረው 10 ሆኗል። ሳጥኑ ላይ ተጽፏል፤ እሱም አላነበበም፣ እኔም አላነበብኩም። ሪፖርቱ ላይ ግን የሰፈረው «ኦፕሬተሩ የቀለም ለውጥ አስተውሎ ሥራውን አላቆመም» የሚል ነው። ሐሰት የለበትም። እንዲህ ያለ እውነት መጻፍ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ሳይኖር አይቀርም።

ዲግሪ ልምድን አይተካም ብዬ ወሬውን እዚህ ብቋጨው ደስ ባለኝ። ችግሩ፣ በሁለተኛው ዙር «አሲዱ ውስጥ እጥፍ ሰዓት ይቆይ» ያልኩት እኔ ነኝ። እሺ አለኝ፤ ሽፋኑም ልክ እንደ ዕዳ ያዘ። ለካ አሲዱ ከስለቱ ሥር ያለውን ኮባልት ሁሉ በልቶ ውስጡን ባዶ አድርጎት ነበር። ደንበኛው ጋ ሲደርስ አልማዙ አልለቀቀም፤ ስለቱን ይዞ አብሮ ተሰበረ። ዶክተሩ የተሰበሩትን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ «ጋሼ» እንኳ ሳይል ሄደ። ከዚያ ወዲህ 10 በመቶ የሆነ ሁሉ ሳይከፈት ይመለሳል።

አሁን በስብሰባ ላይ የአሲዱን ደረጃ ለፈረንጆቹ ሲያስረዳ «ማሟሸት» ይለዋል፤ ምጣዱን ከነጎመን ዘሩ ይተርክላቸዋል፤ እንዲለቅና እንዳይለቅ ያለውን ክርክር ግን ይዘለዋል። የማታ ፈረቃው ልጅ ቅርጫት ባወጣ ቁጥር «ሙሻ?» እያለ ይጠይቀኛል። አላረምኩትም።