ትናንት ያወጣሁት እጅ

ጥር ነበር። ጅማ 5 የሚባለው የቡና ደረጃ በላይ በላይ የሚጫንበት ሰሞን። በኅብረት ስምምነቱ የተፈረመው የደመወዝ ጭማሪ አምስት ወር ዘግይቷል። የአፍ መሸፈኛም ከቀረ ቆይቷል። ለቃሚዎቹ አፍንጫቸውን በሻሽ አስረው ነው ጥቁሩን ፍሬ የሚለዩት። አስማሚ ፊት ሦስት ጊዜ ቀረብን፤ አልሆነም።

ያኔ የሠራተኛ ማኅበሩ ጸሐፊ ነበርኩ። ስብሰባውን ረቡዕ ከሥራ በኋላ መጋዘን ውስጥ ጠራን። ሐሙስ ቢሆን የሂርማታ ገበያ ሰው ይወስድብናል ብለን ነው። አባላቱ 126 ነን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለሥራ ማቆም ድምፅ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው አባል እንዲገኝ ይጠይቃል። 84 ሰው ማለት ነው። 91 ሰው ፈረመ። ሊቀመንበሩ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 42 ጮክ ብሎ አነበበ። ሥራ የማቆም መብት እዚያ ላይ ተጽፏል። ሰው ሁሉ ደሙ ሞቀ። ከዚያ እጅ ወጣ፤ 74። ሁለቴ ቆጠርኩ። የቡና ኬሻ ላይ ወጥቼም «አድማው ጸድቋል!» አልኩ።

እልልታው መጋዘኑን ሞላው። ያቺ ሁለት ቃል ግን እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች።

በማግስቱ ጠዋት ስደርስ 19 ሰው በር ላይ ቆሟል። ሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጀምሯል፤ እነሱ አልገቡም። ከፊት እማማ አሉ። የሁላችንም እማማ ናቸው፤ ለቀማ ላይ ከሁላችን በላይ የቆዩ። ነጠላቸውን አደግድገው፣ የምሳ ዕቃቸውን ይዘው ቆመዋል። ከበሩ ወዲያ ደግሞ የአስተዳደር ኃላፊው ደብተር ላይ ስም ይጽፋል።

«እማማ፣ ምን ሆናችሁ? ግቡ እንጂ!» አልኳቸው።

«አድማ አይደል እንዴ?»

«ገና ነው እማማ። አልተጀመረም።»

ዝም ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ትናንት እጅ አውጡ አልክ፣ አወጣሁ። ዛሬ ደግሞ ግቡ ትላለህ። ታዲያ ትናንት ያወጣሁት እጅ ምን ሊሆን ነው?»

ተንተባተብኩ። ድምፁ ለኮሚቴው ፈቃድ መስጠት ነው አልኳቸው። ምክንያቱን ጽፈን ለድርጅቱም ለሚመለከተው የመንግሥት አካልም 10 ቀን ቀደም ብለን ማሳወቅ አለብን አልኳቸው። እስከዚያ ሁሉም ሰው ሥራ ላይ መሆን አለበት፤ ካልሆነ አድማው ሕገ ወጥ ይሆንና ድርጅቱ በእኛ ላይ ይጠቀምበታል። ሁሉም እውነት ነው። እሳቸው የሰሙት ግን አንዱን ብቻ ነው።

«10 ቀን መኖሩን ለእኔ ማን ነገረኝ?»

መልስ አልነበረኝም። የላስቲክ ጫማቸውን አየሁ፤ ጭቃ ይዟል። ከኮቺ ሰፈር በእግራቸው ነው የመጡት።

ሊገቡ ሲሉ ኃላፊው «ሰዓት አልፏል» ብሎ መለሳቸው። የ19ኙንም ቀን ቀሪ ጻፈው፤ ማስጠንቀቂያም ተከተለ። ይሄ ሰው ከእኔ ጋር አንድ ሥልጠና ላይ ተቀምጦ አዋጁን አንቀጽ በአንቀጽ ያየ ነው። «ቀኑ ገና ነው፣ ግቡ» ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃው ነበር። እስክሪብቶውን መረጠ።

ማስታወቂያውን በዚያው ቀን አስገባን። በስምንተኛው ቀን ተጠራን። ጭማሪው ውዝፉን ጨምሮ በሁለት ጊዜ ሊከፈል ተፈረመ፤ የአፍ መሸፈኛውም መጣ። አንድም ቀን ሥራ ሳናቆም ነው ያገኘነው። ጠረጴዛው ላይ ሊቀመንበሩ ብዙ አልተናገረም። ቃለ ጉባኤውን ወደ እነሱ አዙሮ አስቀመጠ፤ ከ91 ሰው 74። በዚያ የጭነት ሰሞን ያን ቁጥር ማየት በቂ ነበር። ለዚህ ነው ድምፁን እንደ ቀላል ነገር የማላየው። እማማ ለጠየቁኝ ጥያቄ መልሱ ይሄ ነበር፤ እጃቸው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነበረ።

ማስጠንቀቂያው ግን አልተነሳም። ለመንን፣ ጻፍን፣ እንቢ አሉ። ማስጠንቀቂያ ደግሞ ዝም ብሎ ወረቀት አይደለም። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረን ሠራተኛ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ማሰናበት ይችላል። 19 ሰው ያን ስድስት ወር ልጅ ሲታመምበት እንኳ ለመቅረት እየፈራ ነው ያሳለፈው። እማማ አንድ ቀን በወባ እየተንቀጠቀጡ መጥተው ቁጭ ብለው ሲለቅሙ አይቻቸዋለሁ። ሂዱ ብላቸው እንቢ አሉኝ።

በዓመቱ ሌላ ጉዳይ መጣ። እዚያው መጋዘን ተሰበሰብን። ልቆጥር ስነሳ እማማ ቀደሙኝ።

«ቆይ ልጄ። እጃችንን ሳናወጣ፤ ነገ ጠዋት የት ነው የምንገኘው?»

«ሥራ ላይ እማማ። የሚቆምበትን ቀን በር ላይ እንለጥፋለን። እስኪለጠፍ ማንም እንዳይቀር።»

ዞረው ለኋለኞቹ «ሰማችሁ?» አሉ። ከዚያ እጃቸውን አወጡ።