ከዘራ ላይ የተጠመጠመ ጧፍ፦ በጅማ ዝናብ እሳት ይዞ መጓዝ

ጅማ ዙሪያ በእግሩ የሚንቀሳቀስ ሰው ከዝናብ አያመልጥም። በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሚዘንብበት አገር ነው፤ ክረምት ብቻ ሳይሆን በልግም ላይ ይጥላል፣ ጥቅምት ገብቶም ሰማዩ ሊያኮርፍ ይችላል። በዚሁ በጅማ በሚገኘው “በለጠ ጌራ” በሚባለው ደን ውስጥ ከሰዓት በኋላ በስብሶ የመሸበት ሰው በብርድ ሊሞት እንደሚችል ብዙዎቻችን አናስበውም። ለዚያ ውርጭ አያስፈልግም፤ እርጥብ ልብስና ነፋስ የሰውነትን ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ለማውረድ ይበቃሉ። ደን ለደን መሄድ ስለምወድ፣ ይህን ነገር በዋዛ አላየውም።

ክብሪትማ ሁሉም ይይዛል። ግን ክብሪት ለጥቂት ሰከንድ ነድዶ ያልቃል፤ የራሰ ጭራሮ ደግሞ እሳት ከመያዙ በፊት መድረቅ አለበት፣ እሱም ደቂቃዎች ይፈልጋል። በመሃል ያለውን ጊዜ የሚሸፍን፣ ዝናብ የማያጠፋው ነገር ያስፈልጋል። ሌላው ጉዳይ ቦታው ነው። ቦርሳ ውስጥ ያለ ነገር ቦርሳው በቅሎ ላይ ሲጫን አብሮ ይሄዳል፣ ወንዝ ሲወስደውም አብሮ ይወሰዳል። ስለዚህ እሳቴን ከእጄና ከገላዬ በማይለዩ ዕቃዎች ላይ አስሬ እሄዳለሁ።

ዋናው ጧፍ ነው። ለጸሎት የተገዛውን ለዚህ አላውልም፤ የራሴን እሠራለሁ። ጅማ የማር አገር ስለሆነ ሰፈፍ፣ ማለትም ከጠጅ ላይ የሚነሳው ሰም ያለበት ቅሪት፣ አይቸግርም፤ ከጠጅ ቤት እገዛለሁ። ሰፈፉን በጆንያ ቁራጭ ቋጥሬ ውሃ ባለበት አሮጌ ድስት ውስጥ አፈላዋለሁ። ሰሙ እየቀለጠ በጆንያው ቀዳዳ ወጥቶ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ከእሳት አውርጄ ሳሳድረው፣ ጠዋት እንደ ቂጣ ረግቶ ይነሳል፤ ከሥሩ የተለጠፈውን ጥቁር አተላ በቢላ እፍቀዋለሁ። ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ ኃይለኛ እሳት አያስፈልገውም። ስለዚህ ጣሳ ውስጥ አድርጌ ጣሳውን የፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። በቀጥታ ምድጃ ላይ የተጣደ ሰም ከጋለ ይቀጣጠላል፤ ያኔ ውሃ የደፋበት ሰው ፊቱን ያቃጥላል። ከተቀጣጠለ ክዳን ከድኖ ማፈን ብቻ ነው፤ ልጆች ባሉበትም አይሠራም።

የጥጥ ፈትል ሦስት አራት ድርብ ገምጄ ሰሙ ውስጥ እነክራለሁ፣ አንጠልጥዬ አረጋዋለሁ፣ ደግሜ እነክራለሁ። የእርሳስ ውፍረት ሲደርስ ይበቃል። ገና ለብ እያለ ከዘራዬ ላይ፣ ከመያዣው ዝቅ ብሎ፣ አጥብቄ እጠመጥመዋለሁ፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ሲታጠፍ ይሰነጣጠቃል። በላዩ ላይ ከጎሚስታ የማመጣውን የተጣለ የባጃጅ ካላማዳሪያ በቀጭኑ ቆርጬ፣ ወጥሬ እጠቀልልበታለሁ። ላስቲኩ ውሃ አያስገባም፣ ከዘራውን ለመጨበጥም ይመቻል፤ ከሁሉ በላይ ግን ርሶም ቢሆን በላይተር ይነድዳል። ጭሱ ጥቁርና ጎጂ ስለሆነ ለመጀመሪያው ነበልባል ብቻ ቁራጭ አደርጋለሁ፤ በቆሎ በሚጠበስበት እሳት ላይ ቦታ የለውም።

ሁለተኛው ባዘቶና ቫዝሊን ነው። የመድኃኒት ቤት ጥጥም ይሆናል፤ ነገር ግን ጥጥ ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ጥጥ አይደለም። ትንሽ ቆንጥሮ ማቃጠል ነው፦ ጥጥ አመድ ይሆናል፣ ሰው ሠራሹ ቀልጦ ጠጣር ጓል ይሆናል። ቫዝሊኑን ውጭውን ብቻ አሸዋለሁ፣ ውስጡ ደረቅ ይቆያል፤ ደረቁ ብልጭታውን ይቀበላል፣ ቅባቱ ነበልባሉን ሦስት አራት ደቂቃ ያቆየዋል። በለስላሳ ስትሮ ውስጥ ጠቅጥቄ፣ ሁለቱንም ጫፍ በፒንሳ ይዤ በላይተር አቅልጬ አሽገዋለሁ፤ ከዚያ ዚፕ መጎተቻው ላይ፣ ከጃኬቴ ላይ አስረዋለሁ። ወደ ጊቤ ሸለቆ ስወርድ ግን ሰሙን እመርጣለሁ፤ በዚያ ሙቀት ቫዝሊን እየቀለጠ ይፈስሳል።

ላይተሬ በደረት ኪሴ ነው። ጋዙ መልቀቂያ ሥር ትንሽ ላስቲክ ስለምሸጉጥ ኪስ ውስጥ ተጭኖ አያልቅም። ጋዙ ያለቀ ላይተርም አልጥልም። በውስጡ ያለው ድንጋይ ኦስትሪያዊው ካርል አወር ፎን ቬልስባህ እ.ኤ.አ. በ1903 የፈለሰፈው ቅይጥ ብረት ነው፣ ጋዝ ባይኖርም ብልጭ ይላል፤ ለተፍታታ ባዘቶ ያ ይበቃዋል። ለጧፍ ግን አይበቃም። ሰም የለበሰ ፈትል ብልጭታ አይቀበልም፣ ነበልባል ይፈልጋል፤ ስለዚህ ጧፉና ባዘቶው አይነጣጠሉም።

አንድ ጊዜ ጌራ ውስጥ ከአንድ አዛውንት ንብ አናቢ ጋር እያለን ዝናቡ ያዘን። አብሮን የነበረው ወጣት ጥርሱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ቀጥሎም ንግግሩ ተንተባተበ፤ ያ ጊዜ የሚሰጥ ምልክት አይደለም።

“አባባ፣ እንጨቱ ሁሉ ርሷል” አልኳቸው።

“መሬት የወደቀውን ተወው ልጄ፤ ቆሞ የደረቀውን ስበር” አሉኝ።

ከግንዱ ሳይለዩ የደረቁ ቅርንጫፎችን ሰብረው በገጀራ ሰነጠቋቸው፤ ውስጣቸው ደረቅ ነበር። እኔ ከከዘራው ላይ የስንዝር ያህል ጧፍ ፈትቼ ቆረጥኩ፣ ጫፉን በቢላ ፍቄ ፈትሉን በተንኩት፣ ከታች ባዘቶ አደረግኩለት። እጄ ደንዝዞ ስለነበር ስትሮውን በጥርሴ ነው የቀደድኩት። ጧፉ ያዘ። ስንጥሮቹ ጫፋቸው አረፋ እያወጣ ተንጫጩ፣ ጨሱ፤ ከቅጠል የወረደ ጠብታ ነበልባሉን መትቶት ተወዛወዘ እንጂ አልጠፋም። ከዚያ ቀጭኑ ስንጥር ያዘ፣ ከእሱ ወፍራሙ። ልጁን እርጥቡን አስወልቀን በጋቢ ጠቅልለን አስጠጋነው።

ከዚያ ወዲህ የማልዘላቸው ነገሮች አሉ። ከሠራሁት ሁሉ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ወስጄ ባልዲ ውሃ ውስጥ አሳድሬ ጠዋት እለኩሰዋለሁ፤ ያልነደደው ዓይነት ከእኔ ጋር አይሄድም። ስትሮውን ሳሽግ ጫፉን ትንሽ አስረዝሜ እተዋለሁ፣ ጥርስ እንዲይዘው። የቡና ገለባ ደረቅ ቢሆንም ለማስጀመሪያ አልይዝም፤ ውስጥ ውስጡን ይጨሳል እንጂ አይነድም። ፍም ለማቆየት ግን ግሩም ነው። በእርሻ ዳር የባህር ዛፍ ልጣጭ ግንዱ ላይ ተንጠልጥሎ ካገኘሁ ሳልሰበስብ አላልፍም፤ ቶሎ ይይዛል።

ከታህሳስ እስከ የካቲት፣ ቅጠሉ ሲደርቅ፣ ደን ውስጥ ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ከሌለ በቀር እሳት አልለኩስም። ያ ደን የቡናው፣ የማሩና የሰው ኑሮ ነው። ክረምትም ቢሆን ፍሙን ውሃ አፍስሼበት፣ በእንጨት አገላብጬ፣ በእጄ ዳስሼ ቀዝቃዛ መሆኑን ሳላረጋግጥ አልነሳም። የከዘራዬ ላስቲክ በፀሐይ እየተሰነጠቀ ውሃ ስለሚያስገባ፣ በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ ፈትቼ በአዲስ እቀይረዋለሁ።