የነጥብ ደብተሩና የሰኔ 30 ሒሳብ

የሰኔ 30 የዕቃ ቆጠራ አልቋል። ጎማው፣ ሰንሰለቱ፣ ፔዳሉ፣ የፍሬን ሽቦው ሁሉ ተቆጥሮ ተመዝግቧል። የቀረው የእኔ ደብተር ነው፤ ለደንበኞች በግዢያቸው ልክ፣ በኋላ በጥገና የሚጠቀሙበትን ነጥብ የምጽፍበት። ወንድም ጋሼ ቆጠራ ሲባል የሚታየው መደርደሪያው ላይ ያለው ብቻ ነው። እኔ ግን በደንበኞቻችን እጅ ያለውን ነጥብ ሳልደምር ዓመቱን ዘጋሁ ማለት አልችልም። «ነጥብ ዕቃ አይደለም» ይለኛል። አዎ፣ ዕቃ አይደለም፤ ዕዳ ነው። የዱቤ ደብተሩ ሰዎች ለእኛ ያለባቸውን ይናገራል፣ የነጥብ ደብተሩ ደግሞ እኛ ለሰዎች ያለብንን። ወንድሜ የመጀመሪያውን በቃሉ ያውቀዋል፣ ሁለተኛውን ከፍቶ አያውቅም።

ሱቃችን ባሕር ዳር ውስጥ ያለች ትንሽ የብስክሌት መሸጫና መጠገኛ ናት። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ተማሪውም፣ መምህሩም፣ የቀን ሠራተኛውም ብስክሌት ይነዳል፤ ሴቶችም ጭምር። አሠራራችን ቀላል ነው። በ100 ብር ግዢ 1 ነጥብ ይጻፋል። አዲስ ብስክሌት ከሆነ ግማሹ ብቻ ነው የሚታሰበው። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው የሚለወጥ ደንበኞች አሉ፤ «ብዙ ብር የከፈልኩበት ላይ ነው እንዴ የምትቀንሱብኝ?» ይላሉ። ነገሩ ግን ከብስክሌቱ የምናገኘው ትርፍ ስስ ነው። እኛን የሚያኖረን የውስጥ ጎማው፣ መብራቱ፣ ቁልፉና ጥገናው ነው።

የምመዘግበው በስም ሳይሆን በስልክ ቁጥር ነው፤ በስም ቢሆን ስንቱን አበበ ከስንቱ አበበ እለይ ነበር። ሦስት ሲም ካርድ ያለው ሰው የትኛውን እንዳስመዘገበ ይረሳና አብረን ደብተሩን ስናገላብጥ እንቆያለን። አንድ ኮምፒውተር የሚያውቅ የሰፈራችን ልጅ ሁሉንም በስልክ መተግበሪያ ላድርገው ብሎኝ ነበር። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሐሳቡም አብሮ ተቋረጠ። ደብተሩ ግን መብራት ሲጠፋም፣ ኔትወርክ ሲጠፋም ይከፈታል። እስካሁን ከእሱ የተሻለ አላገኘሁም።

ወንድሜ ነገሩን ከመጀመሪያው አልወደደውም። «እናታችን ገበያ ላይ ጤፍ ስትሰፍር ምራቂ ትጨምር ነበር እንጂ ነጥብ ስትጽፍ አይተሻል?» አለኝ። እኔም ምራቂን አልጠላም። እሱ ዛሬም ለደንበኛ አንድ ቡሎን በነፃ ያስራል፣ ፖምፓውን አውጥቶ ጎማ ይሞላል፣ ገንዘብ አይቀበልም። ነገር ግን ምራቂ በሻጩ ዓይን ነው የሚሰፈረው። የሚጫወት፣ የሚከራከር፣ «ጨምርልኝ እንጂ» የሚል ያገኛል፤ አፋሩ የተባለውን ከፍሎ ይሄዳል። ለዓመታት ሳይከራከሩን የሚገዙ፣ እኛም ምንም ያልጨመርንላቸው ሰዎች ነበሩ። ደብተሩ የተጀመረው ለእነሱ ነው። ለአፍ ሳይሆን ለግዢ የሚሰጥ ነገር ፈልጌ ነው።

ሐሳቡን የሰጠችኝ ሲያትል የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት። እዚያ አርኢአይ የሚባል፣ የተራራና የካምፕ ዕቃም ብስክሌትም የሚሸጥ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር አለ። በ1938 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሎይድና ሜሪ አንደርሰን የተባሉ ባልና ሚስት ከሌሎች 21 ሰዎች ጋር ሆነው፣ ጥሩ የበረዶ መውጫ መሣሪያ በቀና ዋጋ ለማስመጣት የመሠረቱት ነው። አባል የሆነ ሰው በዓመቱ ውስጥ በሙሉ ዋጋ ከገዛው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶው ይመለስለታል። እንግሊዞቹ የሮችዴል ሸማኔዎች ደግሞ በ1844 የከፈቱትን ሱቅ ትርፍ እያንዳንዱ በገዛው መጠን ይከፋፈሉ ነበር። ለወንድሜ ይህን ሳወራው፣ «እነሱ ባለቤቶች ናቸው፤ ደንበኛው ባለቤት ነው፤ እኛ ጋ ባለቤቶቹ አንቺና እኔ ነን» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ቢሆንም ጀመርኩት።

ያኔ 1 ነጥብ በማንኛውም ዕቃ ላይ 2 ብር ያስቀንስ ነበር። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ፤ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ የለቀቀበት ቀን። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ብስክሌት ላይ ያለው ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ጎማው፣ ሰንሰለቱ፣ ኩሽኔታው። ጎማ ለመግዛት ነጥብ ሲያጠራቅም የከረመ ሰው መጥቶ የጎማውን ዋጋ ሲሰማ ነጥቡ ሩቡን እንኳ የማይሸፍን ሆነ። አልተቆጣም፤ ሳቀ። «ብሩም እንዲሁ ነው የሆነው» አለኝ። ሳቁ ከቁጣ የባሰ ነበር።

በዚያ ሳምንት ተቀምጬ አሰላሁ። የነጥቡን ዋጋ በብር ከፍ ባደርግ አስመጪው በጨመረ ቁጥር ልጨምር ነው፤ አልችለውም። እኛ ዘንድ ከዶላር ጋር ያልወጣው ምንድን ነው? የወንድሜ እጅ። ስለዚህ ነጥቡን በሥራ ቀየርኩት። 10 ነጥብ ፍሬን ማስተካከል፣ 30 ነጥብ ቸርኬ ማቃናት፣ 100 ነጥብ ሙሉ እድሳት፤ ኩሽኔታው ታጥቦ፣ ግራሶው ተቀይሮ፣ ሰንሰለቱ ጸድቶ ማለት ነው። የጥገና ዋጋ ነገ ቢጨምርም 30 ነጥብ ያው አንድ ቸርኬ ያቃናል። የቆየው ነጥብም በዚሁ ተሰላ፤ የማንም አልተሰረዘም።

ወንድሜ ሰንጠረዡን ግድግዳው ላይ ሲያይ፣ «ጉልበቴን ነው እኮ የሸጥሽው!» አለ። እውነቱን ነው። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ ነጥባቸውን ለሚጠቀሙ የተሻለ እንዲታሰብላቸው አደረግሁ፤ ተማሪው ወደ አገሩ ይሄዳል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ እሱም በር ላይ ቆሞ ባጃጅ ሲቆጥር ይውላል። በጥቅምት የሚያጨናንቀው ሥራ በክረምት ሲመጣ ደስ እንደሚለው አይነግረኝም እንጂ አያለሁ።

ባለፈው አንድ ጡረተኛ መምህር የማናውቀውን ልጅ ይዘው መጡ። የልጁ የኋላ ጎማ ሲዞር እንደ ሰከረ ሰው ይወዛወዛል። «ከእኔ ነጥብ ላይ አውርጂለት» አሉኝ። «ጋሼ፣ የእርስዎን ራሱ ግራሶ ማስቀየር ይችሉበት ነበር እኮ» አልኳቸው። «የእኔ ይቆያል፤ ይህ ልጅ ትምህርት ቤት የሚሄደው በዚህ ነው።» ወንድሜ ብስክሌቱን ገልብጦ አቆመው፣ ጎማውን አሽከረከረና ጠመኔ ወደ ቸርኬው አስጠጋ። የተጣመመው ቦታ በዞረ ቁጥር ጠመኔው ነጭ መስመር ይተዋል። መስመሩ ያለበት ላይ ከአንዱ ወገን ያለውን ሽቦ ያጠብቃል፣ ከሌላው ወገን ያላላል፤ በሩብ ዙር፣ ከዚያ አይበልጥም። እንደገና ያሽከረክራል። ጠመኔው ቸርኬውን ዳር እስከ ዳር እኩል ሲነካ ለልጁ፣ «በል ንዳው» አለው። እኔ ከመምህሩ ገጽ ላይ 30 ቀነስኩ። ነጥብ ለሌላ ሰው ይተላለፋል ወይ የሚል ደንብ አልነበረንም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ይተላለፋል።

አንድ ነገር ደግሞ ከንባብ ወስጃለሁ። ኑንስና ድሬዝ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2006 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ባወጡት ጥናት በአንድ የመኪና እጥበት ቤት፣ ሲሞላ አንድ እጥበት በነፃ የሚያሰጥ 300 ካርድ አደሉ። ግማሹ ስምንት ማኅተም የሚፈልግ ነው፤ ግማሹ አሥር የሚፈልግ ሆኖ ሁለቱ አስቀድመው የተመቱበት። የሚቀረው እኩል ነው፤ የመጀመሪያውን 19 በመቶው ሰው ሞላ፣ ሁለተኛውን 34 በመቶው። እኔም አዲስ ለሚመዘገብ 3 ነጥብ በነፃ መጻፍ ጀመርኩ። ወንድሜ ይህን «ማባበል» ብሎታል። ማባበል ነው፤ ግን ሦስቱ ነጥብ የእውነት ነጥብ ናቸው።

ስለ ደረሰኙም ልጻፍ፤ ሰው አይነግርምና። በነጥብ የሚደረገው ቅናሽ ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው በሚወጣው ደረሰኝ ላይ መታየት አለበት። ካልታየ ባልተቀበልኩት ብር ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ከኪሴ ልከፍል ነው። ይህ ብቻውን ስንት ሱቅ ነጥብ ከመስጠት እንደሚያስቀር እገምታለሁ።

አሁን የተጣላንበት ጉዳይ የማብቂያ ጊዜ ነው። ትልልቅ ኩባንያዎች ሳይጠየቅ ከሚሞተው ነጥብ ይጠቀማሉ፤ ወንድሜም ይህን ከሆነ ቦታ ሰምቶ መጥቷል። «ሰኔ 30 ሲሆን ሁሉም ይሰረዝና በአዲስ ደብተር እንጀምር» ይላል። የሰው ገንዘብ በቀን መቁጠሪያ አይሰረዝም አልኩት። የመምህሩን ገጽ ከፍቼም አሳየሁት። ዝም ብሎ አየውና፣ «እሺ፣ ሁለት ዓመት» አለ። ሁለት ዓመት ካልመጣ ሰው ላይ ደውለን ነግረነው፣ ካልፈለገው ብቻ እንሰርዛለን፤ ደዋዩ እሱ ይሆናል።

ግድግዳው ላይ የሚለጠፈውን የነጥብ ማስታወቂያ የሚጽፈውም እሱ ነው፣ የእጅ ጽሑፉ ከእኔ ይሻላል። የእድሳቱን መስመር ግን ክፍት እንዲተወው ነግሬዋለሁ። ግራሶ ተወድዷል፤ አስመጪው ማክሰኞ ዋጋ ይነግረናል።