ንጉሡ ሠ

የምተዳደረው ጅማ ውስጥ ማመልከቻ በመጻፍ ነው። ሥራውን ያስተማረኝ አባቴ ነው። አባዬ ደብዳቤ ሲመጣለት ከሐሳቡ በፊት ፊደሉን ነበር የሚያየው። «ፊርማ ማስመሰል ይቻላል፤ የፊደል ልማድ ግን ያጋልጣል» ይለኝ ነበር።

ዘንድሮ ክረምት፣ ዝናቡ ደንበኛ ሲያስቀርብኝ፣ ስለ አየርላንድ ማንበብ ያዝኩ። ስጀምር ስለ 1845ቱ የድንች ረሃብ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ስገፋበት ግን አንድ ደብዳቤ ላይ ደረስኩና ቀረሁ።

ቻርልስ ስቱዋርት ፓርኔል አየርላንድ ራሷን እንድታስተዳድር ለንደን ፓርላማ ውስጥ የሚሟገት መሪ ነበር። በ1882 ደብሊን ፊኒክስ ፓርክ ውስጥ ሁለት የመንግሥት ሹማምንት በስለት ተገደሉ። ፓርኔል ግድያውን በአደባባይ አወገዘ። በ1887 ግን ዘ ታይምስ ጋዜጣ የፓርኔል ፊርማ ያለበትን ደብዳቤ ቅጂ አትሞ አወጣ። ደብዳቤው ከሟቾቹ አንዱ የሥራውን አገኘ ይላል። አንድ ወረቀት የሰውየውን ስም ብቻ ሳይሆን የሕዝቡን ጥያቄ ሁሉ በደም ሊቀባው ነበር።

ነገሩ ሦስት ዳኞች ፊት ቀረበ። በየካቲት 1889 የዚህና የመሰል ደብዳቤዎች ምንጭ የሆነው ጋዜጠኛ ሪቻርድ ፒጎት ለምስክርነት ቆመ። የፓርኔል ጠበቃ ቻርልስ ራስል ወረቀት ሰጠውና የተወሰኑ ቃላት እንዲጽፍ ጠየቀው። አንዱ «ማመንታት» ማለት ነው። ፒጎት በእንግሊዝኛ «ኤ» (a) በሚገባበት ቦታ «ኢ» (e) አስገባ። የፓርኔል ነው በተባለ አንድ ደብዳቤ ላይም ያችው ስህተት፣ ያችው ፊደል አለች!

ይህን ሳነብ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ፒጎት የሠራውን አምኖ ሸሸ፤ ማድሪድ ላይ ራሱን አጠፋ። ዘ ታይምስም ለፓርኔል 5,000 ፓውንድ ካሰ።

እኛ ደግሞ ለአንድ ድምፅ ሁለት ሦስት ፊደል አለን። እሳቱ ሰ አለ፣ ንጉሡ ሠ አለ። የትኛውን እንደምትጽፍ እጅህ ከልጅነት ጀምሮ ወስኗል፤ አንተ ራስህ ላታውቀው ትችላለህ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እትዬ የምላቸው ደንበኛዬ ወረቀት ይዘው መጡ። ወንድማቸው ከአባታቸው ቤት ድርሻዬን ለእገሌ ለቅቄያለሁ ብሎ የጻፈው ነው ተባለ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። የወንድማቸውን ደብዳቤ ለዓመታት ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። «ሠላም ለአንቺ ይሁን» ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ሁልጊዜ በንጉሡ። ይሄኛው በእሳቱ ነው። ፊርማው ቁርጥ የእሱ ነው፤ እሳቱ ሰ ግን ልቤን ቆረቆረው።

«እትዬ፣ ምንም ወረቀት ላይ እንዳይፈርሙ። መጀመሪያ ይደውሉለት» አልኳቸው።

ወንድምየው በሦስተኛው ቀን ከመቱ መጣ። ጫማው በጭቃ ተለውሷል፤ ደብዳቤውን ከነጭራሹ አያውቀውም። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠሁትና ለእህቱ እንደወትሮው ሰላምታ እንዲጽፍ ለመንኩት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። ጎንበስ ብሎ ጻፈ፤ በንጉሡ። እትዬ ፊደል አይለዩም፤ የኔን ፊት አይተው ግን እልል አሉ።