ከቡቺ ጋር ቀልብ ለቀልብ፦ የድሬዳዋ ልምምዴ እስካሁን

ከውሻ ጋር ያለ ቃል መግባባትን ለምትለማመዱ ወዳጆቼ፣ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። ልምምዱ ቀልብን ሰብስቦ ከውሻው የሚመጣውን ስሜት ወይም ምስል መቀበል ነው። እኔ በአብዛኛው የምለማመደው ከራሴ ውሻ ከቡቺ ጋር ነው።

ሰዓቱን የሚመርጥልን የድሬ ሙቀት ነው። ውሻ እንደኛ መላ አካሉን አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ነው። ቀን ላይ ቡቺ ከጥላና ከውኃ ሌላ ሐሳብ የለውም። ስለዚህ ገና ፀሐይ ሳትበረታ፣ ባጃጆቹ የከዚራን ሰፈር ሳይሞሉት እንቀመጣለን።

መሬት ላይ ጎኔን ሰጥቼው እቀመጣለሁ። ፊት ለፊት ማፍጠጥ የለም፤ በተለይ የማያውቃችሁ ውሻ ከሆነ እንደ ዛቻ ሊወስደው ይችላል። ትንፋሼ ረጋ ሲል አንድ ጥያቄ ብቻ በልቤ እይዛለሁ። «ዛሬ ሰውነትህ እንዴት ነው?» ከዚያ መጀመሪያ የመጣልኝን፣ ምስልም ይሁን ስሜት ወይ አንዲት ቃል፣ ሳላሳምር ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ማጣራቱ ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል አጥብቄ አምናለሁ። ቀድሞ ካልተጻፈ ልብ በኋላ «አውቄው ነበር» ማለቱ አይቀርም።

አንድ ጠዋት ቡቺ አጠገቤ ተጋድሞ ሳለ ግራ መዳፌን ወጋ አደረገኝ። «ግራ፣ እጅ፣ ስለታም ነገር» ብዬ ጻፍኩ። የፊት ግራ እግሩን አንስቼ ጣቶቹን ገለጥ ሳደርግ፣ በመሃላቸው ባለችው ስስ ቆዳ ላይ የእሾህ ስባሪ ተሰክታለች። ዙሪያዋ ቀልቷል። በወረንጦ ሳወጣት ቦታውን ላስ ላስ አደረገና ጭራውን እየቆላ ወደ ግቢው ወጣ። አላነከሰም ነበር እኮ! ምናልባት ክብደቱን ወደ ሌላው እግር ሲያደላ ዓይኔ ቀድሞ አይቶ፣ ሐሳቤ ዘግይቶ ደርሶ ይሆናል። ይህ ለእኔ የልምምዱን ዋጋ አይቀንሰውም። ዝም ብዬ ባልቀመጥ ዓይኔም አያይ፣ ልቤም አይሰማ።

እንዲያውም ውሾቹ እኛን ማንበብ ከጀመሩ ቆይተዋል ባይ ነኝ። እንስሳት ምን ያህል እንደሚያነቡን ለማየት የጀርመኑን ፈረስ የክሌቨር ሃንስን ታሪክ አስቡ። ሒሳብ ሲጠየቅ መልሱን በሰኮናው እየመታ ይቆጥር ነበር። በ1907 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኦስካር ፉንግስት የተባለ ተመራማሪ ሲያጣራው፣ ፈረሱ የሚያነበው የጠያቂውን ጥቃቅን የፊትና የሰውነት እንቅስቃሴ ሆኖ ተገኘ። ጠያቂው ራሱ መልሱን ካላወቀ ፈረሱም አያውቅም። ይህን ታሪክ የሚያነሱት ብዙ ጊዜ ለማጣጣል ነው። እኔን ግን አስደነቀኝ። እንስሳው እንዲህ ከልቡ ሲያየን እኛ መልሰን ማየት ምን ያቅተናል?

ለማጣራት የውሻውን ሰውነት ማወቅ ይጠቅማል። ሳይርበው ከንፈሩን መላስ፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት ማዛጋት፣ ፊቱን ዘወር ማድረግ፣ ብዙ ጊዜ የጭንቀት ምልክቶች ናቸው። በ2007 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣ የጣሊያን ጥናት ደግሞ ውሾች ባለቤታቸውን ሲያዩ ጭራቸው ወደ ቀኝ፣ የሚያስፈራ እንግዳ ውሻ ሲያዩ ወደ ግራ እንደሚያደላ አሳይቷል። ደብተሬ ላይ «ደስ ብሎታል» ካልኩ ጭራውን አያለሁ።

ሐረር ያለች ጓደኛዬ የውሻዋን ፎቶ በቴሌግራም ትልክልኛለች። የመጣልኝን ጽፌ እመልስላታለሁ፣ እሷም ታርመኛለች። እውነቱን ለመናገር በፎቶ የሚመጣልኝ ደካማ ነው። የምግብና የመኝታ ቦታ ጥያቄዎች ብዙም አይሳኩልኝም፤ ሕመምና ስሜት ላይ በአካል ስሆን ይሻለኛል። እሷን ልጠይቅ የሄድኩ ጊዜ ግን ከጁገል ግንብ ውጭ ማታ ጅብ የሚያበሉትን ሰዎች አየሁ። ጅቦቹን በስማቸው ይጠራሉ። ሰውየው ሥጋውን በእንጨት ይዞ ሲቀመጥ ትከሻው ላይ ምንም ጥድፊያ የለም። ቀልብ መሰብሰብ እንዲህ ነው አቦ!

አንድ ነገር አደራ። ልባችሁ «ታሟል» ካላችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት፤ ልምምዱ ሕክምና አይተካም። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፣ ለሃጩ የሚዝረከረክ የማታውቁት ውሻ ካጋጠማችሁ አትጠጉት። ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ ወዲያው ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ውሻችሁንም በጊዜው አስከትቡ።

ቀጥሎ የያዝኩት ሳቢያን ሰፈር ያለ አንድ ያረጀ የጥበቃ ውሻ ነው። ከእንግዳ ጋር አይስማማም። ባለቤቱ ጋሼ ፈቅደውልኛል። የጥያቄዎቹን መልስ ቀድመው በወረቀት ጽፈው ያሽጉታል፤ እኔ ከውሻው ጋር ስቀመጥ እሳቸው ቤት ውስጥ ይቆያሉ። እንዲህ ከሆነ መልሱን ከጋሼ ፊት ላይ አላነብም። እናንተም በዚህ መንገድ የሞከራችሁት ካለ፣ ያልተሳካውንም ጨምራችሁ ጻፉልኝ።